በስልክ የማይሰጥ ቁልፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለሳላሀዲን፤ ባለህበት አገር አላህ ይጠብቅህ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከቡታጅራ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤናህ ያግኝህ። እንዴት ከርመሃል? ያ በረዶው ያስያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እግርህስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው ካልከን ወዲህ እናታችን ዱዓ ስታደርግ እግርህን ሳትጠቅስ አታበቃም። ምግብህስ? አሁንም ያንን ከፍሪጅ የሚወጣ ነገር ነው የምትበላው ወይስ ራስህ ማብሰል ለመድክ? ስትመልስልኝ አንድ በአንድ መልስ፤ «ሁሉም ደህና ነው» ብለህ አትገላገለኝ። ሁሉም ደህና ነው የሚል ሰው የደበቀው ነገር አለ።

እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ታማርራለች፤ ማማረሯ የጤናዋ ምልክት ስለሆነ አትስጋ፣ እኛ የምንደነግጠው ዝም ያለች ቀን ነው። ባለቤቴ ሳኒ አሁንም አዲስ አበባ መስመር ሚኒባሱን ይነዳል፤ ጎማው ሁሉ ተልጦ እሱ ግን ገና አዲስ ነው እያለ ይከራከረናል። ልጄ ሰፍያ ከእኔ በቁመት በልጣ የእኔን ጫማ ማድረግ ጀምራለች። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ስለመጣ የበርበሬ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ግን ጥሎ ሰዉ ሁሉ ማሳው ላይ ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ፖስታውን ገልብጥና ጀርባውን እየው። በሙጫ ካሸግኩት በኋላ ክዳኑና ፖስታው በሚገጥሙበት ላይ ስሜን አቋርጬ ጽፌበታለሁ። የ«ድ» እግር ከተዛነፈ ወይም ሁለት ቦታ ከተሰበረ ከአንተ በፊት የከፈተው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ይህንንም እያነበበው ከሆነ፣ ወንድሜ እንደምን ዋልክ? ቤተሰብ ሰላም ነው? የምትፈልገው ነገር እዚህ ውስጥ ስለሌለ አትድከም፤ ግን ከጀመርክ አይቀር ጨርሰው፣ ለአንተም የሚሆን ቃል ከታች አለ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አንተ ብታውቀውም እኔ እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት እንድትረዳ ነው። አንድ የማታውቀው ሰው በስምህ ስልክና ሶፋ በዱቤ ወስዶ ክፈል የሚል ወረቀት ወደ አንተ መጣ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ለካ በእናንተ አገር የእያንዳንዱ ሰው የብድርና የዱቤ ታሪክ የሚቀመጥባቸው ሦስት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ባንኩም፣ ሻጩም፣ ቤት አከራዩም ይህ ሰው ይታመናል ወይ ብለው የሚጠይቁት እነሱን ነው። አንተም ለሦስቱም ጽፈህ ታሪክህን አስቆለፍከው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳላሀዲን ነኝ ብሎ ቢመጣ መሥሪያ ቤቶቹ ታሪክህን አያሳዩም፣ ታሪክህን ያላየ ደግሞ ዱቤ አይሰጥም። መክፈቻው እያንዳንዳቸው የላኩልህ የሚስጥር ቁጥር ነው። ይህን ሁሉ አስረድተህ ስታበቃ «ገባሽ ወይ?» ብለህ ጠየቅከኝ።

እንዴት አይገባኝም? እኔ ባለሱቅ ነኝ እኮ። ጋሽ ሸምሶን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብለው የሚኖሩትን። ልጆቻቸው በእሳቸው ስም ሲጋራና ለስላሳ እየወሰዱ ቢያስቸግሯቸው አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ ካልመጣሁ በቀር በሸምሶ ስም አንዲት ክብሪት እንዳትወጣ ብለው አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። ከወር በኋላ እንግዳ መጥቶባቸው ትልቁን ልጅ ስኳር እንዲያመጣ ላኩት። አልሰጠሁም። ልጁ ማለ፣ ተገዘተ፣ አልሰጠሁም። ለካ እንግዶቹ ልጃቸውን ሊያጩ የመጡ አማቾች ናቸው፤ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጡት። ጋሽ ሸምሶ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ግን የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት። ይህን ታሪክ እያወቅክ ቁልፍህን ለእኔ መስጠትህ የራስህ ጥፋት ነው።

ደግሞስ አሰጣጥህ! ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ስለምትኖር፣ የፖስታ ሳጥናችሁም አንድ ስለሆነ፣ ከእነሱ አንዱን ጠርጥረህ ሦስቱን ቁጥሮች ይዘህ ለመቀመጥ ፈራህ። አሜሪካ ሙሉ ካዝና እያለ ቁጥሮቹን ጠቅልለህ ወደ ቡታጅራ ላክሃቸው። የላክህበትን ቃል በልቤ ይዤዋለሁ። «ከድጄ፣ ይህ አማና ነው። ለማንም አትስጪ። እኔ ነኝ ብሎ የሚደውል እንኳ ቢኖር በስልክ አትስጪ።» ወረቀቱን ተቀብዬ ያስቀመጥኩበትን እኔና አላህ እናውቃለን። ሳኒ እንኳ አያውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅም፣ አለመጠየቁም ትንሽ አሳስቦኛል።

ከዚያ ስልኩ መጣ። የገበያ ቀን ነበር፣ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ መስመሩም ይንኮሻኮሻል። ድምፁ የአንተን ይመስላል። ሳላሀዲን ነኝ፣ ቁጥሮቹን አሁኑኑ ንገሪኝ አለኝ። ለሩፋይዳ የሚሆን ቤት አግኝቻለሁ፣ ሚስቴን አራት ወንድ ያለበት ቤት ላመጣት አልችልም፣ አከራዩ ታሪኬን ሳያይ ቁልፍ አይሰጠኝም፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ አለ። ልቤ ራርቶ ነበር። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰውዬውን ልፈትነው ብዬ የእናታችንን አባት ስም ጠየቅኩት። መለሰ። የተወለድንበትን ቀዬ ጠየቅኩት። መለሰ። የእናታችንን የእናት ወገን ጠየቅኩት። እሱንም መለሰ።

እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የጠረጠርኩት። እነዚያ መሥሪያ ቤቶች ማንነትህን ለማረጋገጥ የእናትህ አባት ማነው ብለው እንደሚጠይቁህ ጽፈህልኛል። ወንድሜ፣ በመስቃን ምድር ይህ ሚስጥር ነው? የእኛ ሰው ባዕድ አገር ሲገናኝ ገና እጁን ሳይለቅ የማን ልጅ ነህ፣ እናትህ የማን ልጅ ናት፣ አያትህ ከየትኛው ቤት ነው ይላል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ የእናታችንን አባት ስም ያውቀዋል። አንተም ገና ቤቱን የረገጥክ ቀን ለሦስቱ የቤት ጓደኞችህ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረህላቸው ይሆናል። ከዚያ ያንኑ ስም ለፈረንጅ የሚስጥር ቃል አድርገህ ሰጠህ። በር ከፍተህ ትተህ ጣራውን ትጠግናለህ።

ስለዚህ የደወለውን ሰው ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩት። እናታችን በልጅነትህ ያወጣችልህን ያንን ስም ንገረኝ አልኩት። ከቤታችን ውጪ ማንም አያውቀውም፤ ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የወደቅክ ጊዜ... ይብቃኝ፣ ከየት እንደመጣም አልጽፈውም። ከጀርባው የሰው ድምፅ፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማኛል። ደግሜ ጠየቅኩ። እትዬ ተይኝ አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው መስመሩ ተቋረጠ ወይም ዘጋው። እኔም አልሰጠሁም። ሱቁ ውስጥ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ እያየኝ ነበር፤ አንዷ በርበሬ ልትሸጥ የመጣች ሴት ሌባ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩም አልኳት።

በነጋታው ሩፋይዳ መጣች። ወንድሜ፣ ስለ ሚስትህ እውነቱን ልንገርህ፤ ያኔ አላምናትም ነበር። ለአረፋ መጥተህ አግብተሃት ወዲያው ተመለስክ፤ ከአንተ ጋር የኖረችው ጊዜ አንድ ጆንያ በርበሬ ከማድረቂያው ጊዜ አይበልጥም። ከዚያ በፊት የምትሠራው ፎቶ ኮፒና ስልክ ቤት ነው፤ የስንቱ ሰው ወረቀት በእጇ አልፏል። የባሏ እህት ነኝና በስሜ አትጠራኝም፣ «ጥላዬ» የሚል ስም አውጥታልኛለች። እኔ ግን እሷን የማስጠልልበትም በእሷ የምጠለልበትም ነገር ገና አላየሁም ነበር። እና መጥታ፣ ሳላሀዲን እያለቀሰ ደውሎልኝ ነበር፣ የገዛ እህቴ ከሌባ ቆጠረችኝ ብሏል፣ ቁጥሮቹን ለእኔ ስጪኝና እኔ ልንገረው አለችኝ። በልቤ አሃ አልኩ። የደወለው አንተ ካልሆንክ እሷም ተታላለች፤ አንተ ከሆንክ ደግሞ ለምን ያንን ስም ደበቅከኝ? ደግሞ ለምን እሷ? ላስብበት ብዬ ሸኘኋት።

ሳስብ ሳስብ ልቤ ወደ ሀቢቡ ሄደ። ከቤት ጓደኞችህ መካከል የአገራችን ልጅ እሱ ነው፣ የእንሴኖ። የአንተን ድምፅና አነጋገር ሊያስመስል የሚችል እሱ እንጂ አዳነ አይደለም፤ የወልቂጤው አስተማሪ ልጅ በእኛ ቅላጼ ይናገር ቢባል ገና በመጀመሪያው ቃል ይታወቅበታል። የሀቢቡ እናት አዲስ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አስገቡ ሲባልም ሰምቻለሁ። ስለዚህ በእንሴኖ ገበያ ቀን ቅቤ ልገዛ ነው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ሰልሚያ ይባላሉ። ፍሪጁ እውነት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል፣ መብራት ስለሚጠፋ ልብስ ነው የሚያስቀምጡበት።

እንደ ወጉ ተጠያየቅን። እኔ ስለ ልጃቸው ሥራ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ፖስታ ሳጥኑ በዘዴ እጠይቃለሁ። እሳቸውም በዘዴ ይመልሱና ስለ አንተ ይጠይቁኛል። ወንድምሽ ሥራው ጥሩ ነው? ለሩፋይዳ ወርቅ ልኮላት ነበር ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? እዚያ ቤት የሰውን ስም የሚወስድ ሰው ገብቷል ይባላል፣ ሰምተሻል? ይሉኛል። ዓይናቸውን አየሁት። ወላሂ ሳላሀዲን፣ እኔ ፍሪጃቸውን በማይበት ዓይን እሳቸው የእኔን የአንገት ሀብል እያዩት ነበር። ለካ ሀቢቡም በስሙ ዱቤ ተወስዶበት ስሙን አስቆልፏል። እሱም ማንንም አላምንም ብሎ ቁጥሮቹን ለእናቱ ልኳል። የሚጠረጥረው አንተን ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አዘንኩ። እማማ ሰልሚያ ፍራሹ ላይ ከተቀመጡበት አኳኋን ወረቀቱ ከሥራቸው መሆኑን አውቄያለሁ፤ ልሸኝሽ እንኳ ብለው አልተነሱም። ሌላው የቤት ጓደኛችሁ ሙሀመድሰይድም አረቅጥ ላለች እህቱ አንድ የታሸገ ነገር ልኮ ነበር ብለው ጨመሩልኝ። ስለዚህ ነገሩን ልንገርህ፤ አራት ጎልማሶች አንድ ምድጃ ላይ እያበሰላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ቁልፋችሁን ከሌላው ሸሽጋችሁ ጉራጌ አገር ልካችኋል። ሌባው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሁላችሁም ዕቃ የገዛችሁበት ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊሆንም ይችላል። ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣችሁ በእኔም ስም ተወስዷል ብትባባሉ ኖሮ ይህ ይታወቅ ነበር። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ ብለህ ታሾፍብኛለህ። እኔ የምጠረጥረውን ሰው ቤቱ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንተ አብረኸው እየበላህ አልጠየቅከውም።

ከእንሴኖ ስመለስ ሩፋይዳን ልፈትናት ወሰንኩ። የሱቄን የስልክ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ገልብጬ፣ ሁለት ሌላ የፈጠርኩት ቁጥር ጨምሬ በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩና እነዚህ ናቸው፣ አማና ነው፣ በስልክ እንዳትናገሪ ብዬ ሰጠኋት። በልቤ ያልኩት፣ ዛሬውኑ ትነግረዋለች፣ ቁጥሩ አልሠራም ብሎ ሲደውልም ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ ነበር። ከዚያ በር በሩን ማየት ጀመርኩ። ሩፋይዳ እየመጣች እናታችንን ታሻለች፣ ለሰፍያ ሒሳብ ታስጠናለች፣ ስለ ቁጥሩ አንዲት ቃል አትተነፍስም።

ከዚያ ነው አንተ ሁለተኛ የደወልከው። አሁን «አንተ» እላለሁ። ድምፅህ በቁጣ ተቀይሯል። እትዬ ምን አድርገሻታል፣ ሩፋይዳም እንደ አንቺ ሆነችብኝ፣ ቁጥሩን ሰጥታኛለች ግን በስልክ አልነግርህም ትለኛለች፣ ከሁለት ሴት አንዲት የምታምነኝ ጠፋች ወይ አልከኝ። እኔም ነገሩን ዋጥ አድርጌ፣ እሺ ያንን ስም ንገረኝና እኔ ልንገርህ አልኩህ። አልልም አልከኝ። በለው አልኩህ። ሥራ ቦታ ነኝ፣ የአገር ሰዎች ከጎኔ ናቸው፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልልም ብለህ ጮህክ። ያን ጊዜ አወቅኩህ። ሌባ ቢሆን ይገምት ነበር፤ አንዱን ስም አልሆነም ቢሉት ሌላውን ይሞክር ነበር። ሚስቱን የሚያስገባበት ቤት እያመለጠው ያችን ስም ከአፉ የማያወጣ ኩሩ፣ ከእናታችን ማሕፀን የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቼ ባንኮኒው ላይ አለቀስኩ። ናፍቀኸኝ ነበር።

ታዲያ እኔ መሆኔን ካወቅሽ ለምን አልሰጠሽኝም ትለኝ ይሆናል። አንተ ራስህ በስልክ አትስጪ ብለኸኛላ። አማና ያስቀመጠው ሰው ስለተናደደ አይፈርስም። ደግሞ የስልኩ መስመር የእኔና የአንተ ብቻ አይደለም፤ ስናወራ ሦስተኛ ሰው የሚተነፍስ የሚመስለኝ ጊዜ አለ፣ ይህን ከዚህ በላይ አላብራራውም።

ያን ዕለት ሩፋይዳን አስጠራኋትና የሰጠሁሽ ቁጥር ሐሰት ነበር አልኳት። አውቄያለሁ አለችኝ። ጥላዬ፣ ስልክ ቤት ስሠራ ስንት ጊዜ የደወልኩበትን ቁጥር ብትገለብጪው የማላውቀው መሰለሽ? አለችኝ ረጋ ብላ። ታዲያ ለምን ለሳላሀዲን አልነገርሽውም አልኳት። ከመልሷ የገባኝ ይህ ነው፤ እህትህ በሐሰት ቁጥር ልትፈትነኝ ሞከረች ብላ ብትነግርህ፣ አንተ በእኔ ላይ የነበረህ ቁጣ ወደ ቂም ይለወጥ ነበር። ይልቅ ሰጥታኛለች፣ እኔ ነኝ የማልነግርህ ብላ ቁጣህን በራሷ ላይ አደረገችው። ሳላሀዲን፣ ይህችን ልጅ ምን ያህል ጊዜ በጎሪጥ አየኋት፤ እሷ ግን ገመናዬን ሸፈነችልኝ። ጥላ የሆነችው እሷ ናት። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ አንተንም አሁን እጠይቅሃለሁ።

አሁን የተወሰነውን ስማ። ቪዛዋ መውጣቱን ታውቃለህ፤ በሰኔ አጋማሽ ትበራለች፣ አከራዩም እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቅህ ብለሃል። ሦስቱን እውነተኛ ቁጥሮች በቃሏ አስጠንቻታለሁ። በልጅነቷ ቁርአን በቀራችበት ዜማ አንድ ጊዜ ሰምታ ያዘቻቸው። ልብስ ስታጥብ ድንገት እጠይቃታለሁ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ እያስነጠሳት እጠይቃታለሁ፣ አንዴም አልሳተችም። በሻንጣዋ፣ በቦርሳዋ፣ በጫማዋ ውስጥ ምንም ወረቀት የለም። ስለዚህ ይህን የሚያነበው ሌላ ሰው ካለ፣ ኤርፖርት ድረስ ሄደህ ሻንጣ አትከታተል፤ በርበሬና ቆጮ ነው የምታገኘው። ዋናው ወረቀት ግን አልተቃጠለም፣ ቦታው አለ። ሰው ይረሳል፤ እሷን ባምናትም አውሮፕላንን አላምነውም።

እስከዚያ አንድ ሥራ አለህ። አከራዩን ሄደህ ታሪኬን የምትጠይቀው ከሦስቱ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው በለው። አንዱን ብቻ ከሆነ አንዱን ብቻ ክፈት፤ ሁለቱ እንደተዘጉ ይቆዩ። እሱንም ቢሆን ለጥቂት ቀን ብቻ ከፍተህ መልሶ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል ብለህ ነበር፤ እንደዚያ አድርግ። እኔ ሱቄን ዕቃ ለማስገባት ስከፍት መስኮቱን ሁሉ አልበረግድም። አዲሱ ቤት ስትገቡም አድራሻህን ለሦስቱም አስቀይር፣ የፖስታ ሳጥናችሁም የእናንተ ብቻ ይሁን። ጋሽ ሸምሶን አስታውስ፤ የዘጋኸውን ነገር መክፈቻውን ከእጅህ አታርቅ፣ አለበለዚያ አማቾችህን ያለ ስኳር ታስጠጣለህ።

ሩፋይዳ ግን ቁጥሮቹን ዝም ብላ አትሰጥህም። ያንን ስም ነግሬያታለሁ። አዎ፣ ነገርኳት፤ ሚስትህ ናት፣ አንድ ቀን ማወቋ አይቀርም። ከኤርፖርቱ በር ስትወጣ የሚቀበላት ሰው ባሏ መሆኑን በምን ታውቃለች? ድምፅህን በስልክ እየሰማች፣ መልክህን በፎቶ እያየች ነው የኖረችው። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብለህ፣ ያንን ስም በአፍህ ካልጠራህ ቁጥር የለም፣ ቤትም የለም፣ እሷም ከአራት ወንድ ጋር ፓስታ መቀቀል ነው። ሳቅ እንዳያመልጣት ተለማምዳለች።

ለቤት ጓደኞችህ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ሀቢቡን እናትህን አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው፣ አማናህ በጥሩ መቀመጫ ላይ ነው በለው፤ ከዚያ ፊቱን እየው፤ ከዚያ ደግሞ ሻይ ቅዳለትና ያንተን ንገረው። ለሙሀመድሰይድ ሰላም፣ የአረቅጥ ብርድ እህቱን አልበገራትም በለው። ለአዳነ ሰላም፣ እሱ ቁልፉን ለማን እንደላከ እስካሁን አልደረስኩበትም፤ አባቱ ወልቂጤ አስተማሪ ናቸውና ሳኒ ወደዚያ የሚሄድ ቀን ጠይቅልኝ ብዬዋለሁ። ከመካከላችሁ አንዱ የከፈተው ከሆነ ይህን ደብዳቤ በሙጫ መልሶ ማሸግ አያስፈልገውም፣ ለሁላችሁም ያንብብላችሁ።

ሳኒ እንደምን አለህ ይልሃል፤ የመኪና ጎማ ከዚያ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቂው ብሎኛል። ሰፍያ ሰላም ትልሃለች፣ ሩፋይዳ ስለምትሄድባት አኩርፋለች፣ ሒሳብ ማን ያስጠናኛል ትላለች። ጋሽ ሸምሶም ለአንተ መጻፌን ሰምተው ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ የተናገሩት ግን ለእኔ ሳይሆን ለሰፍያ ነው።

እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ምን እንደጻፍኩ እንዳነብላት አድርጋኝ፣ ስለ ስሙ ስደርስ ጉልበቷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ለእሱ የእኔን ሰላምታ እኔ እንደማለው አድርገሽ ጻፊው ብላኛለች። እኔ ግን ማን እንደሚያነበው አላውቅምና ስሙን አልጻፍኩትም፤ ቦታውን ትቼልሃለሁ፣ ብቻህን ስትሆን በእሷ ድምፅ አንብበው።

«ለ . . . . . . . . . ፣ ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? እዚያ የሚጠራህ ሰው ካጣህ እኔ እዚህ በየቀኑ እጠራሃለሁ።»

እህትህ ከድጄ
ቡታጅራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.